የመጡበት ቦታ

በቾርሊም በር፣ በማለዳ፣ የብረቱን ዘንግ ሳነሳ፣
ዬኮ መጣች ጎንበስ ብላ፣ ከያዘችው ዱላ አንሳ።
በብብቷ ባዶ ጆንያ፣ በወገቧ የላም ገመድ፣
ያለ ላሟ።
«አሳልፈኝ፣ ክዌሞይ ልጄ፤ ለጨው ነው እኔ የምሄድ።»

«ትኬት ይቁረጡ፣ እማማ» አልሁ፤ «ደንብ ነው፤ ደመወዜም ነው።»
ሣቀች። ጥርስ የሌለው ሣቅ የዋሻ አፍ ነው የሚመስለው።
«ውስጥ እኮ ነው የተወለድሁ፤ በስተግራ፣ ከጨው ጓዳ፣
ጥጃ ከምናስርበት፣ ጢስ ካጠቆረው ግድግዳ።»

ሦስት መቶ ሽልንግ፣ ከመሐረብ ተፈትቶ፣ ሳንቲም በሳንቲም።
መዝገቡን ዘረጋሁ፦ ስም፣ ዕድሜ፣ የመጡበት።
«ከየት ልበል?»
ጉም የለበሰውን ጫፍ በዱላዋ አመለከተች፣
«ከዚህ» አለች።
ጻፍሁ። ቀለሙ በእርጥቡ ወረቀት ላይ ፈሰሰ፤
ጎብኚ ከሚል ርእስ ሥር፣ ከዚህ የሚል ቃል ኮሰሰ።

መንገድ ላይ፣ እንደ ልማዴ፣ በቃሌ የያዝሁትን ጀመርሁ፤
ኤልጎን ሃያ አራት ሚሊዮን ዓመቱ ነው ብዬ ነገርሁ።
እሳት ነበር። ከኪሊማንጃሮም ይረዝም ነበር ይላሉ፤
በገዛ ሆዱ ውስጥ ወደቀ፤ የሚረዝሙ እንዲህ ይሆናሉ።
ዛሬ አናቱ ገበቴ ነው፤ ጅብራ የቆመበት፣ ውርጭ የሚያድርበት፣
ፍል ውኃ ብቻ፣ እንደ ቂም፣ ከሥር የሚንተከተክበት።
ወረድ ሲሉ አስታ፣ ቀርከሃ፤ ከዚያ ኮሶ፣ ከዚያ ዝግባ፤
ጉሬዛ ካባውን ደርቦ፣ እንደ ቄስ ሲወጣ ሲገባ።
ዓለቱ የረጋ አመድ ነው፤ ጨው የቋጠረ በሆዱ፤
የአዞ አጥንት አለበት፤ ደንጊያ የሆነ ዛፍም ከነግንዱ።

«ሃያ ምናምን ሚሊዮን ሲል አያፍርም! ማን ቆጠረው?
የአባቴ ከብት አርባ ነበር፤
እሱን እኔ ነኝ የቆጠርሁት።»

ዋሻው አፍ ላይ ውኃ ይወርዳል፣ እንደ ነጠላ የሳሳ።
ባትሪ አበራሁ። ጣሪያው ላይ የሌሊት ወፍ ተንጫጫ።
እዚህ ዝሆን በሌሊት ይገባል፣ ጥጃውን ከኋላ አስከትሎ፣
ጨለማውን በኩምቢው እየዳበሰ፣ ገደሉን በእግሩ ለክቶ።
ግድግዳው ጠባሳ ብቻ ነው።
ዬኮ መዳፏን አሳረፈችበት፣ ግንባር እንደሚዳሰስ።
«ይህ የዝሆን ነው። ይህ ያባቴ መጥረቢያ።»
«በምን ለዩት?»
«ዝሆን ከታች ወደ ላይ ይጭራል፤
አባቴ ከላይ ወደ ታች።»

ከዚያ ተቀመጠች። ለእኔ ይሁን ለዋሻው እንጃ፣
«አንድ ቀን መኪና መጣ፤ ወረቀት የያዘ ሰው ወረደ፤
መስመር ተሰመረ አሉን፤ መስመሩ በምድጃችን ላይ ሄደ።
ከብቱን ነዳን። ቆላው ንዳድ፤ ሣሩም የሰው፤ ውኃውም የሰው።
ስድስት ከብት ቀረን።
ለዝሆኑ ሲባል ወጣን፤ ዝሆኑን ለጥርሱ ፈጁት፤
እኛም የለን፣ እሱም ሳሳ፤ ጨዉን ለማን ነው የተዉት?»

«ጨው ሆይ፣ ለራስሽ ስትይ ጣፍጪ፤
ያለዚያ ድንጋይ ነሽ ብለው ይጥሉሻል» ይባላል።
ፍርፋሪ አንሥታ ላሰች። ዓይኗን ጨፈነች።
«ይጣፍጣል» አለች። «ታዲያ የተጣለው ማነው?»

ከፓርኩ ቅጠል እንኳ አይወጣም፤ ሰሌዳው ላይ ተጽፏል።
ጆንያው ሲንኳኳ ሰማሁ፣ ፊቴን ወደ ጣሪያው አዞርሁ፤
የሌሊት ወፍ ቆጠርሁ።
ሃያ አራት ሚሊዮን ይሆናሉ።

በወሩ መጨረሻ ተቆጣጣሪው፣ በቀይ እስክሪብቶ፣
«ከዚህ ማለት ከየት ነው? ይስተካከል» ብሎ ከበበው።
አላስተካከልሁም። እስክሪብቶዬ ደርቋል ብያለሁ።
ተረኛ በሆንሁ ሌሊት፣ ጉሙ በሩን ሲያጠፋው፣
ከወደ ዋሻው ድንጋይ ሲፈጭ ይሰማኛል፤
ትኬት ያልቆረጠ አንድ ጥርስ፣
ከታች ወደ ላይ።